አጀንዳው ለምን ጥቅምትን አይሻገርም?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው። 29 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። ጠዋት ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ከቤት እወጣለሁ፤ ማታ 2 ሰዓት ግድም እገባለሁ።

ችግሬ ለሰው ሲያወሩት ያስቃል። የዕለት ማስታወሻ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን አልዘልቅበትም። በየዓመቱ መስከረም 1 አዲስ አጀንዳ እጀምራለሁ። እስካሁን አራት አጀንዳ አለኝ፤ አንዱም ጥቅምትን አልተሻገረም። የተሻለው የአምናው ነው፤ ጥቅምት 11 ደረስኩ። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ሁለት ቀን ዘለልኩ። የዘለልኩትን ልሙላ ስል ሳምንት ሆነ። ከዚያ አጀንዳውን ማየት ራሱ አስጠላኝ። የዘንድሮው መስከረም 19 ላይ ቀረ።

ደግሞ እህቴ እንዳታነብብኝ ስለምፈራ ዋናውን ነገር አልጽፈውም። የምጽፈው ‹ዛሬ በጣም አድካሚ ቀን ነበር፤ ሕይወት ግን ይቀጥላል› ዓይነት ነው። ትናንት የታክሲ ሰልፍ ላይ 50 ደቂቃ ቆምን። ከፊቴ ያሉት እናት ዶሮ በፌስታል ይዘዋል። ዶሮዋ አንገቷን አውጥታ ሰልፈኛውን አንድ በአንድ ታያለች። ወያላው ‹ዶሮ አይገባም› ብሎ ጭቅጭቅ ሆነ። ይህን እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ቤት ስደርስ እንቅልፍ ጣለኝ። ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም ማለት ነው?

ግማሽ አጀንዳ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ጥር 15»

ውድ ግማሽ አጀንዳ፣

እህቴ ብልሽ ቅር አይልሽም መቼም። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሳቅሁት በራሴ ነው። የካ አባዶ ያለው ቤቴ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሦስት አጀንዳ ተደርድሯል። አንዱን ገለጥ ብታደርጊው መስከረም 1 ላይ አንድ ገጽ ሙሉ የዓመት ዕቅድ ታገኛለሽ። መስከረም 9 ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር አለ። ከዚያ ወዲያ ጸጥ።

ዲሲፕሊን የለኝም ወይ ላልሽው፣ ተይ እንጂ! ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ ተነስታ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ በየቀኑ የምትመላለስ ሰው እንዲህ ካለች እኛ ምን ልንል ነው? ያን ሰልፍ የምትቆሚው ሙድ ስላለሽ አይደለም። ሰልፉ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፤ ከቀረሽ ደግሞ ደሞዝ ይቆረጣል። ማስታወሻሽ ግን ቦታም ሰዓትም የለውም። «ማታ፣ ሲመቸኝ» ነው የተባለው። ማታ 2 ሰዓት ለሚገባ ሰው ሲመቸኝ የሚባል ሰዓት ከየት ይመጣል? እራት አለ፣ ዕቃ ማጠብ አለ፣ የነገውን ልብስ መተኮስ አለ፣ ከዚያ አልጋ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ አጀንዳው ራሱ ነው። በየገጹ ቀን ታትሞበታል። አንድ ቀን ስትዘይ ባዶው ገጽ ቁጭ ብሎ ያይሻል። ሦስት ቀን ስትዘይ ሦስት ባዶ ገጽ ያይሻል። ሒሳብ ክፍል የምትሠሪ ልጅ ስለሆንሽ ቶሎ ይገባሻል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ ነው የሚመስለው። አንቺም ልታወራርጂው ተቀመጥሽ። የማክሰኞን ሐሙስ፣ የረቡዕን ዓርብ። ሐሙስ ላይ ሆነሽ ማክሰኞ ምን እንደበላሽ ታስቢያለሽ፣ የሐሙሱ ደግሞ ሳይጻፍ ይቀራል። ውዝፉ እየጨመረ ሄደ። ከዚያ ማየቱ አስጠላኝ አልሽ። አበዳሪውን ማየት ማን ይወዳል?

ስለዚህ አጀንዳውን ለእህትሽ ስጫት፤ የአስቤዛ ሒሳብ ትጻፍበት። አንቺ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢ፣ ያው ተማሪ የሚይዘውን። ቀን አልታተመበትም። ዛሬ ጽፈሽ የሚቀጥለውን ከአራት ቀን በኋላ ብትጽፊ፣ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሃል የሚያፈጥብሽ ባዶ የለም። 50 ሉክ ማለት 100 ገጽ ነው። በአንድ ገጽ አራት ቀን ካስገባሽ 400 ቀን ይይዛል። ዓመት ከወር አለፍ ይላል ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ደብተር።

እኔ ስለ መጻፍ ብዙ የተማርኩት ከእኛ ብሎክ ሥር ካለው ባለሱቅ ነው። ሱቁን ታውቂዋለሽ፤ በየኮንዶሚኒየሙ ያለው ነው። ልጁ የዱቤ ደብተር አለው። ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል፤ ዘይት የነካው ገጽ ከጀርባው ያለውን ያሳያል። ቢክ እስክሪብቶ በክር ታስሮ ከሚዛኑ ጎን ይንጠለጠላል። ውስጡ እንዲህ ነው፦ «3ኛ ፎቅ እማማ፦ እንቁላል 4፣ ሳሙና 1። ባለ ባጃጁ፦ ዳቦ 6። የአቡሽ እናት፦ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ሎሚ 3፣ ማር ትንሹ።» የአቡሽ ጉንፋን እዚያ ላይ አለ። ስድስት ለስላሳ በዱቤ የወጣበት ቀን የማን ቤት እንግዳ እንደመጣ ይታወቃል። ይህ ልጅ «ዛሬ የመጻፍ ስሜት የለኝም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ዕቃው ከእጁ ሳይወጣ ነው የሚጽፈው፤ ማታ አሰፍረዋለሁ ቢል ግማሹ እንደሚጠፋ ያውቀዋል። አንድ ቀን እስክሪብቶውን ለምን ታስረዋለህ ብለው «እሱን ስፈልግ ደንበኛው ይሄድብኛላ» አለኝ።

ያቺን ክር አትናቂያት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ልተርትብሽ አልፈልግም፤ ሰምተሽዋል። እንቁላሉ በስንተኛው ቀን እንደሚሄድ ነው ያልነገሩን። ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚለውንም ቴሌግራም ላይ ሳታዪው አልቀረሽም። የዚያ ወሬ ምንጭ ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ስለ አፍንጫ የተባለው ስለ ሁሉም ነገር ሆነ፤ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃልም መንገድ ላይ ተንጠባጠበች።

ነገሩን በደንብ የመረመሩት ለንደን ውስጥ ነው። ፊሊፓ ላሊ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ያዙ። እያንዳንዱ አንድ ነገር መርጦ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ በየቀኑ ለ12 ሳምንት እንዲያደርገው አሉት። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ነገሩ ሳይታሰብ በራሱ እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለፈጣኑ 18 ቀን በቃው፤ ለዘገየው 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተሰላ። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላበላሸውም።

አሁን የራስሽን ሒሳብ እንሥራ። የእኛ ወር 30፣ 30 ስለሆነ ይቀላል። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። አንቺ አምና የቆምሽው ጥቅምት 11 ነው፤ 41ኛው ቀን ላይ። አየሽ፣ ልትይዢው ስትይ ነው ሁለት ባዶ ገጽ ያባረረሽ። እርግጥ 66 አማካይ ነው፤ ዲፕሎማ የሚሰጥበት ቀን አይደለም። ላንቺ 100 ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ቦታና ሰዓት እንስጠው። መብራት ኖረም ጠፋ፣ ውሃ መጣም ቀረ፣ በየቀኑ የምታደርጊውን ነገር ፈለግሁ። ቡና አልኩ፤ በሥራ ቀን ቤት ቡና እንደማታፈዪ ገመትኩ። ስልክ ቻርጅ ስታደርጊ አልኩ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ልማዱም አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻ ጫማ ላይ ደረስኩ። ጫማሽን ሳታወልቂ የምትተኚበት ቀን የለም፣ አይደል? ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ከኮረብታውም ትንሽ ትንሹ በየቀኑ በጫማሽ ቤት ይገባል።

በሩ ጎን በርጩማ አድርጊ። ከበርጩማው በላይ ሚስማር ምቺ። ደብተሩን በክር ሚስማሩ ላይ ስቀዪው፤ እስክሪብቶውንም እዚያው እሰሪው። ግራ ጫማ፣ ቀኝ ጫማ፣ ደብተር። ወጥ ቤት ሳትገቢ፣ ሶፋው ላይ ሳትጋደሚ፣ ስልክሽን ሳትከፍቺ። ሶፋው ላይ አንዴ ካረፍሽ አለቀ፤ ሶፋ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መብራት ከሌለ የስልክሽን ባትሪ አብሪ። አምስት መስመር፣ ሦስት ደቂቃ። ከአቅም በላይ የደከመሽ ቀን «ጥር 20። ደክሞኛል።» ብለሽ ተነሺ። ተጽፏል፤ ይቆጠራል። እሁድ ከቤት ካልወጣሽ ደግሞ ከሁለተኛው ቡና በኋላ ጻፊ።

ምን ልጻፍ ላልሽው... አላልሽም እንጂ ጥያቄው ውስጡ አለ። «አድካሚ ቀን ነበር፤ ሕይወት ግን ይቀጥላል» የሚለውን ከ10 ዓመት በኋላ ብታነቢው የትኛው ቀን እንደሆነ አታውቂውም። ሁሉም ቀን አድክሞሻል፤ ሕይወትም ሁልጊዜ ቀጥሏል። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔ ጋ የቀረው ሌላ ነገር ነው። እስቲ እንዲህ ላስፍረው፦

«ጥር 14። ሰልፍ 50 ደቂቃ።
ከፊቴ እናት፣ ዶሮ በፌስታል።
ዶሮዋ አንገቷን አውጥታ አንድ በአንድ አየችን።
ወያላው፦ ዶሮ አይገባም።
ጭቅጭቅ።»

ያንቺው ቃል ነው፣ እኔ መስመር ብቻ ሰጠሁት። ቁጥር ካለ ቁጥሩን ጻፊ። ሰው የተናገረው ካለ እንደተናገረው አስፍሪው፤ አታሳምሪው። አባቴ የልጆቹን ልደት የመዘገበው መዝሙረ ዳዊቱ መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ነበር፤ የዚያ ዘመን ሰው ብዙው እንዲያ ያደርግ ነበር። እኔ ከተወለድኩበት ቀን ጎን «በዚሁ ሰሞን ቀይዋ ላም ወለደች» ይላል። መልኬ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደተደሰተ አንድም ቃል የለም። እኔ ግን ስለዚያች ላም ስጠይቅ፣ ሲነገረኝና ሲወራ ነው ያደግሁት።

ሰልፍ ላይ ያየሽው ነገር ቤት እስክትደርሺ እንዳይጠፋ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ አንድ ቃል ላኪ። «ዶሮ» ብቻ ይበቃል፣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠሽ ግን ስልክ እንዳታወጪ፤ መንታፊ ነው የሚጨርስልሽ። ሁሉንም ስልኬ ላይ ለምን አልጽፍም ካልሽ፣ ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ማታ 2 ሰዓት ለሚገባ ሰው አልመክርም። ልትጽፊ ትከፍቺዋለሽ፣ ከዚያ 4 ሰዓት ላይ የማታውቂያትን ሴት ሠርግ እያየሽ ትነቂያለሽ።

ወደ እህትሽ ልምጣ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። አንቺን ያስፈራሽ እሱ መወረሱ ነው፤ ያውም በቁምሽ፣ ያውም በታናሽሽ። ፍርሃትሽ ቀላል አይደለም። ሆድ ይፍጀው እየተባልን ነው ያደግነው፤ የሆድን ወረቀት ላይ ማስፈር ራሱ ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ የምልሽ ሁለቱን ለዪያቸው ነው። ሚስማሩ ላይ ያለው ደብተር የዶሮ፣ የሰልፍና የቲማቲም ዋጋ ደብተር ይሁን። እህትሽ ብታነበው ታንብበው። የተቆለፈ መሳቢያ ነው ሰውን የሚያጓጓው፤ በር ላይ የተሰቀለ ደብተር በሦስት ቀን ይሰለቻል። ቢበዛ ስለ ዶሮዋ ለምን አልነገርሽኝም ብላ ትቀየምሻለች። «ደብተሬ ነው፣ አትንኪብኝ» ማለትም ይቻላል እኮ። አንዳንዴ ይሠራል።

የከበደሽን ነገር ደግሞ በብጣሽ ወረቀት፣ ለብቻው። ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነስሜታቸው እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ዘንድ የሄዱበት ቁጥር ስለ ተራ ነገር እንዲጽፉ ከተደረጉት ተማሪዎች አነሰ። ልብ በዪ፣ ጽፈው እንደተነሱ ግን ከፍቷቸው ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን በሥራ ቀን ማታ፣ ልትተኚ ስትዪ አትንኪው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ቡና ሲፈላ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ከሰሉ ላይ ጣዪው። ይቀመጥ ያለ የለም። ነገሩ ለወረቀትም ለአንቺም ከከበደ ግን ለምታምኚው ሰው ንገሪው፤ ደብተር መልስ አይሰጥም።

አንድ ነገር ከራሴ ላጫውትሽና ላብቃ። የካ አባዶ በገባን ሰሞን ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ፈረቃው ደግሞ ፈረቃውን አያከብርም። ቀኑን ልያዝበት ብዬ ወጥ ቤት በር ጀርባ የተሰቀለው ካላንደር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። «ውሃ መጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት። 4 ጀሪካን።» በማግስቱ «አልመጣም»። እያለ እያለ ጎኑ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። «አልመጣም። የ2ኛ ፎቋ ሴት ልጅ ወለደች፣ አንድ ጀሪካን ሰጠኋት።» እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ጻፍኩ። ማስታወሻ እየጻፍኩ መሆኑን አላወቅሁም። አንድ ፋሲካ እናቴ መጥታ፣ መነጽሯን አድርጋ ካላንደሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችና «የንጉሥ ዜና መዋዕል አደረግሽው እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ነው በደብተር የያዝኩት።

እናቴ መጋቢት መጨረሻ ላይ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ምንም የለም። ደብተሩ ከመጋቢት ወደ ጥቅምት ይዘላል። የተመለስኩበት መስመር «ዛሬ ሽሮ አረረብኝ» የሚል ነው። የሰባቱን ወር ልሙላ አላልኩም። ዛሬም ያን ገጽ ስገልጠው፣ መጋቢትና የአረረው ሽሮ አንድ ጣት አይራራቁም።

ደብተሩን ነገ ከሥራ ስትመለሺ ግዢ። መስከረምን አትጠብቂ። ክሩንም አትርሺ።

የዶሮዋን ነገር ግን ሳትጨርሺው ቀረሽ። ወያላው አስገባት ወይስ አላስገባትም?